ቤት ቆሞ አይታይም

ማደሪያ መራጭ የማያውቅ ሰው ካለ ከሰፈሩ ወጥቶ የማያውቅ ሰው ነው። ከተማው በተወደደ ቁጥር የምርጫው ነገር ይብሳል። ባለገንዘብ የተሰጠውን ቁልፍ ተቀብሎ ይገባል። ኪሱ የሳሳው ግን መስኮቱን ከፍቶ ይዘጋል፣ ግድግዳውን ያንኳኳል፣ ጣሪያውን አንጋጦ ያያል፣ መጨረሻ ላይ ጉሮሮውን ጠርጎ "እስቲ ትንሽ ደግሞ እንዟዟር" ይላል። ሐርጌሳ ኪራይ በዶላር የሚከፈልባት ከተማ ስለሆነች እንዲህ ያለ ሰው ሞልቶባታል። የሁሉም አለቃ ግን ክቡርነታቸው ጋሽ ይሄይስ ነበሩ።

ጋሽ ይሄይስ የወልድያ የበርና መስኮት አናጢ ናቸው። ሐርጌሳ የመጡት አንድ ፎቅ የሚያሠራ ሰው የበሮቹን ሥራ ሊሰጣቸው ስለፈለገ፣ "አይቼ እመለሳለሁ" ብለው ነው። አይተው ሳይጨርሱ ጦርነቱ ወልድያ ደረሰ። መንገዱ ተዘጋ፣ ስልኩም ተቋረጠ። ባለቤታቸው ወይዘሮ አምለሰት ይኑሩ ይሙቱ የሚያውቅ ጠፋ። ጋሽ ይሄይስ ግን ለጠየቃቸው ሁሉ የሚመልሱት ያንኑ ነበር፦ "እንግዳ ነኝ። ማደሪያ እያየሁ ነው።"

የሚያዩት ከእናትነሽ ጋር ነው። እናትነሽ የቆቦ ልጅ ናት፤ መሐመድ ሞጌ በሚባለው ሰፈር ለቀን ሠራተኞች ሽሮና ፓስታ የምታቀርብበት ትንሽ ምግብ ቤት አላት። ሶማልኛዋ ጥሩ ስለሆነ ቤት ፈላጊ ሐበሻ ሁሉ የሚዞረው እሷን ይዞ ነው። ጋሽ ይሄይስ ያረፉትም እዚያው ምግብ ቤቷ ውስጥ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ነበር። ጎህ ሲቀድ ግንበኞቹ ለቁርስ ይገባሉ፤ ክቡርነታቸውም ብርድ ልብሳቸውን አጣጥፈው መቀመጫውን ለሕዝብ ያስረክባሉ።

አርብ አርብ ከተማው ጸጥ ሲል ይወጣሉ። ክፍሉ ጋ ሲደርሱ ጋሽ ይሄይስ ጫማቸውን በሩ ላይ ያወልቃሉ። ኮታቸውን ጠቅልለው ትራስ ያደርጉና ባዶው ሲሚንቶ ላይ ጋደም ይላሉ።

"ቤት ቆሞ አይታይም፣ እናትዬ" ይሏታል ዓይናቸውን ጨፍነው።

እናትነሽ መጀመሪያ መጀመሪያ ታፍር ነበር። እያደር ግን ያን ሰዓት ወደደችው። ከሰዓት በኋላ ያለው ብርሃን አቧራ አዝሎ በመስኮቱ ይገባል፤ የውኃ ቦቴ ሩቅ ቦታ ያቃስታል፤ ፍየሎች የካርቶን ቁራጭ እያኘኩ በበሩ ያልፋሉ። ወለሉ ላይ ያሉት ሰውዬ ፊታቸው ይፈታል፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። እሷም መቃኑን ተደግፋ የት እንዳለች ይጠፋታል። ቆቦም አይደለችም፣ ሐርጌሳም አይደለችም፤ ማንም የማይጣላበት አንድ ቦታ ናት።

ከዚያ ጋሽ ይሄይስ ይነቁና ፍርዳቸውን ይሰጣሉ።

ማሕሙድ ሃይቤ ሰፈር የአቶ ኤልሚን ክፍል ሲያዩ "ፀሐይ በግርጌ በኩል ትገባለች፤ ደግ ፀሐይ ሰውን በራስጌው ነው የምትጠይቀው" አሉ። እናትነሽ አስተረጎመች። አቶ ኤልሚ ጺማቸውን ዳሰሱና "ክፍሉን እንጂ ፀሐይዋን እኔ አላከራይም በያቸው" አሉ። ሽማግሌው ዋይስ ቤት ደግሞ በጋሽ ይሄይስ ላይ እንቅልፉ ጸና። ዋይስ ቢጠሯቸው፣ ቢጠሯቸው መልስ የለም። ሽማግሌው ደንግጠው "ኢና ሊላሂ" ማለት ሲጀምሩ ሟቹ አንድ ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው "ግድግዳው ወሬ ያበዛል" ብለው ተነሡ።

አያሃ ሰፈር ያዩት ክፍል ግን እንከን የሚወጣለት አልነበረም። ንጹሕ ነው፣ ጸጥተኛ ነው፣ ዋጋውም እንደ ሐርጌሳ አይደለም። ጋሽ ይሄይስ ከወለሉ ተነሥተው ክፍሉን ዙሪያውን ቃኙና ፊታቸው ጠቆረ።

"ይሄ በጣም ጥሩ ነው" አሉ። "እንደዚህ ያለ ቤት ሰው ያስቀራል። እንሂድ።"

እናትነሽ ቤቷ እስክትደርስ ሳቀች፤ ለግንበኞቹም አወራች፣ እነሱም እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ማግስቱን ምስር ስትለቅም ነገሩ ትዝ ብሏት እጇን አቆመች። ያን ጊዜ አልሳቀችም።

ኅዳር ገባ። የሐርጌሳ ብርድ በቆርቆሮው ስር ሾልኮ አግዳሚው ላይ ይሰፍር ጀመር። ጋሽ ይሄይስ ሳል ያዛቸው፤ ደረታቸውን ይዘው እንደ አሮጌ መጋዝ ያፏጫሉ። እናትነሽ ፈራች። ይህ ሰው እጄ ላይ ሊሞት ነው አለች በሆዷ።

በዚያው ሳምንት አርብ ሲራድ ቤት ወሰደቻቸው። ሲራድ ከግቢዋ ጀርባ ያለችውን ክፍል የምታከራይ ባልቴት ናት። ሐረር ስለተማረች አማርኛዋ የሐረር ነው፤ ለትንሹም ለትልቁም "አንተ" ነው የምትለው። ክፍሏ ጠባብ ናት፣ ግን በመስኮቷ ሁለቱ የናሳ ሀብሎድ ኮረብታዎች ይታያሉ፣ ሰማያዊ ሆነው፣ ያሉም የሌሉም ይመስላሉ። ሲራድ ሰውዬው ወለሉ ላይ ሲጋደሙ አይታ ትራስ አመጣችላቸው።

ጋሽ ይሄይስ ተኙ፣ ሳሉ፣ ነቁ።

"በሩ በግራ በኩል ነው የሚከፈተው" አሉ።

እናትነሽ ከዚህ በላይ አልቻለችም። "ጋሼ፣ እርስዎ አናጢ አይደሉም እንዴ? ገልብጠው ይግጠሙታ! ቤተ መንግሥት ነው የሚፈልጉት? ብርዱ ሊገድልዎት ነው!"

"ተይው" አለች ሲራድ። "አባቴም እንደዚህ ነበር። ከተማችን በቦምብ ስትደበደብ ሸሽተን እናንተ አገር፣ ሐርትሼክ ካምፕ ገባን። ስንት ዓመት ስንኖር ለጎጇችን በር አላደርግም አለ። ነገ አገራችን ለምንገባው በር ምን ያደርጋል ይል ነበር።" ከጋሽ ይሄይስ ፊት ቁጢጥ አለች። "አንተ ቤቱን አይደለም የጠላኸው። ምንድን ነው የምትፈራው፣ ወንድሜ?"

ጋሽ ይሄይስ በካልሲያቸው ወለሉ ላይ እንደተቀመጡ ነበሩ። ሲራድ የሰጠቻቸውን ትራስ አንሥተው ጭናቸው ላይ አደረጉ።

"አዲስ ቤት ውስጥ የመጀመሪያው ሌሊት የሚታይ ሕልም ይደርሳል" አሉ በመጨረሻ። "እናቴ እንደዚህ ትለኝ ነበር፤ በእኔም ሲደርስ አይቻለሁ። የቀን ሕልም አይቆጠርም። አግዳሚውም ቤት ስላልሆነ የፈለግሁትን ባይ አይያዝብኝም። እዚህ አድሬ አምለሰትን በክፉ ባያትስ? በገዛ ሕልሜ የጨረስኳት እኔው ነኝ ማለት አይደል?"

እናትነሽ ያን ሁሉ አርብ አሰበችው። ፀሐይዋን፣ ግድግዳውን፣ ያንን ደህና ቤት።

"እንግዲያው እኔ አድርበታለሁ" አለች። "የመጀመሪያው ሌሊት የእኔ ይሁን። ሕልሙን እኔ አይልዎታለሁ።"

ጋሽ ይሄይስ እንደ ዳኛ አሰቡ። "ሕልም በውክልና ይታያል?"

"ቤት በውክልና ይሸጣል፣ ሕልም ምን ከበደው?"

"ወላሂ ይቻላል" አለች ሲራድ፤ በዚሁ ጸደቀ።

እናትነሽ ሳምንቱን ሙሉ እሳት ዳር የቆመች ሰው ናት። ያን ሌሊት ፍራሹ ላይ እንደወደቀች ቀረች፤ ሕልም የሚባል ዝር አላለባትም። ማለዳ በሩን ስትከፍት ጋሽ ይሄይስ ግቢው ውስጥ ቆመዋል፤ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘውታል፣ ዓይናቸው ቀልቷል።

"እህ?" አሉ።

"አየኋቸው" አለች። አምለሰትን በሕይወቷ አይታቸው አታውቅም።

"ምን ስታደርግ?"

"ልብስ ሲያሰጡ። ፀሐይ ነው፣ ግቢው ጸጥ ብሏል።"

"እያንጎራጎረች?"

እናትነሽ ፊታቸውን አየች። "እያንጎራጎሩ" አለች።

ጋሽ ይሄይስ ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ ደፉት። "ስታሰጣ ዝም ብላ አታውቅም" አሉ ከባርኔጣው ሥር። ያን ዕለት ክፍሉ ገቡ። በሩንም ገልብጠው ገጠሙት።

ታኅሣሥ ውስጥ፣ ምግብ ቤቱ ለምሳ ጢም ብሎ ሳለ፣ የጋሽ ይሄይስ ስልክ ጮኸ። የሚጫኑት ስለጠፋቸው አንዱ ግንበኛ ተቀብሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠላቸው።

"ይሄይስ!" አለች አንዲት ሴት።

ለጥቂት ጊዜ ልቅሶ ብቻ ነበር፣ ከዚያም ከዚህም። ግንበኞቹ ጉርሻቸውን እንደያዙ ቀሩ። አምለሰት ገጠር ዘመድ ቤት ከርመዋል፤ ደህና ናቸው፣ ቤታቸውም ቆሟል። እንባቸው ጋብ ሲል የጠየቁት የመጀመሪያው ነገር ይህ ነበር፦

"ለመሆኑ ማደሪያ አገኘህ? ተኝተህ አየኸው?"

"እኔ ሳልሆን እናትነሽ ናት ተኝታ ያየችልኝ" አሉ ጋሽ ይሄይስ፣ በየዋህነት።

የአምለሰት ድምፅ ተለወጠ።

"እናትነሽ ደግሞ ማናት?!"

ምግብ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እናትነሽ ጭልፋዋን እንደያዘች ከምድጃው መጣች፤ ታለቅሳለችም ትስቃለችም። የሰው ሚስት ተቆጥታባት እንደዚያ ደስ ብሏት አያውቅም።

"እትዬ አምለሰት" አለች ስልኩ ላይ ጎንበስ ብላ። "አያውቁኝም። እኔ ግን በሕልሜ አይቼዎታለሁ፤ ልብስ ሲያሰጡ፣ ሲያንጎራጉሩ።" ይህን ስትል ውሸት መሆኑን ራሷም ረስታው ነበር።