የጽሑፍ ማስረጃ ያቅርቡ ያልኩ ዕለት

እኛ የመንግሥት ሠራተኞች አንድ ክፉ አመል አለን፤ ሲጨንቀን ማስረጃ እንጠይቃለን። ለመሆኑ ያመጡልንን ሁሉ የምናነብ ይመስላችኋል? ባለጉዳዩ ማስረጃ ፍለጋ ሲሄድ እኛ ትንፋሽ እንሰበስባለን፣ ነገሩ ይኸው ነው። እኔ ይህን አመል ከጎጃም ይዤው ሰቆጣ ገባሁ፤ እዚያው ዋግ ውስጥ፣ ዝቋላ ወረዳ ላይ ግን ጉድ ሊሠራኝ ነበር።

ሥራዬ መሬት መለካት ነው። ታብሌቴን አንግቼ ከማሳ ማሳ እዞራለሁ፤ ድንበርተኞች ከተስማሙ የባለማሳው ስም ይመዘገባል፣ ደብተርም ይወጣለታል። ያን ቀን ጠዋት የደረስነው ወይዘሮ ትብለጥ የሚባሉ አሮጊት የማሽላ ማሳ ላይ ነበር። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ከዚያች ማሳ ሌላ የሚበሉባት መሬት የላቸውም። ታብሌቱን ገና ሳልከፍት ጎረቤታቸው አቶ ሞላ ከነወንድሞቹ መጥቶ ማሳው መሃል ቆመ። መሬቱን ለቅድመ አያቱ የሰጡት የጥንቶቹ የዋግ ገዥዎች፣ ዋግሹሞች ናቸው፣ የሴትየዋ ባል በደርግ ጊዜ በመሬት ድልድል ያገኙት የሰው ርስት ነው አለ።

ለልኬታው አብረውኝ የሚዞሩት የቀበሌው ሽማግሌዎች መላ ነበራቸው። እዚያ ድንበር ሲያጣላ አንድ ዕድሜ የጠገበ ሰው ይመረጥና ምሎ ድንበሩን በእግሩ ሄዶ ያሳያል፤ እሱ የረገጠውን የሚያልፍ የለም። ለመሐላው የተመረጡት አባት ጫማቸውን እንኳ አውልቀው ነበር። ዝም ብል ምን ነበረበት? የተማርኩ ነኝና ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ መሐላ ሕጋዊ አይደለም፣ የጽሑፍ ማስረጃ ያለው ያቅርብ አልኩ።

ሞላ ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ። ጽሑፉ ቤተክርስቲያን ነው፣ ወንጌሉ ላይ ሰፍሯል ብሎ ወደ ቄሱ ሰው ላከ። እውነቱን ነው፤ የመሬት ቢሮ ባልነበረበት ዘመን የአገሩ ገዥ መሬት ሲሰጥ ስጦታው በወንጌል ባዶ ገጽ ላይ ይጻፍ ነበር። የእኛን ፋይል አይጥ ይበላዋል፤ ወንጌልን ግን ማን ደፍሮ ይፍቃል?

ቄሱ እስኪመጡ የሞላ ወንድሞች በአንድ በኩል፣ የወይዘሮ ትብለጥ የእህት ልጆች በሌላ በኩል ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙ። ቀስ በቀስ አማርኛውን ትተው በአገሩ አገውኛ፣ በኽምጣና መነጋገር ጀመሩ። ቃሉ ባይገባኝም ድምፁ ገባኝ። ወይዘሮ ትብለጥ ጠጋ አሉኝና፣

«ልጄ፣ እኔ ጽሑፍ የለኝም። ያለኝ ይኸ ማሽላ ነው» አሉኝ።

አፈርኩ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ቄሱ መጡ፤ ሁላችንም ቆመን ወንጌሉን ተሳለምን። ብራናውን ገልጠው በግዕዝ አነበቡ፣ ከዚያም ወደ አማርኛ መለሱት፦ ከተራራው ግርጌ እስከ ወንዙ ያለው መሬት ሁሉ ተሰጥቷል፣ የሞላ ቅድመ አያትም ስማቸው አለ። ሞላ ወደ ታብሌቴ እያየ እንድመዘግብ አዘዘኝ። እንዲህ ያለው ስጦታ እኔ ሳልወለድ በአዋጅ መሻሩን አውቃለሁ፤ ግን ያን ሁሉ ዱላ እያየ አዋጅ የሚጠቅስ ጀግና እኔ አይደለሁም። ጣቴን ወደ ስክሪኑ ሰደድኩ።

«አባ፣ ይጨርሱት እንጂ» አሉ ወይዘሮ ትብለጥ። «ለማን ተሰጠ ይላል?»

ቄሱ ወደ ብራናው ተመለሱ። የተሰጠው ለታቦቱ ነው። የሞላ ቅድመ አያት ለታቦቱ እህል ሰብሳቢ ነበሩ እንጂ ባለመሬት አልነበሩም። ከተራራው እስከ ወንዙ ማለት ደግሞ የሞላ ቤት፣ የወንድሞቹ ግቢ፣ የሽማግሌዎቹ ማሳ ማለት ነው። ባለፈው ማክሰኞ እኔው ራሴ ለክቼ በቄሱ ስም የመዘገብኩት ማሳም እዚያው ውስጥ ነው።

ቄሱ አንድ ጊዜ ሞላን፣ አንድ ጊዜ እኔን አዩ። ከዚያ ወንጌሉን በጨርቁ እየጠቀለሉ፣ ከዚህ በታች ቀለሙ ለቋል፣ አይነበብም አሉ። እስቲ ልይ ያለ ሰው የለም። መጀመሪያ የተናገረው ሞላ ነው፤ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ ለወይዘሮ ትብለጥ ይመዝገብላቸው አለ። ዱላ ሁሉ ወረደ።

ወይዘሮ ትብለጥን መዘገብኩ። ቅጹ ላይ የጽሑፍ ማስረጃ የሚል መስመር አለና ምን ልሙላ ብዬ ጠየቅሁ።

«የለም ብለህ ጻፍ» አለኝ ሞላ።

ጻፍኩ። ከሥሩ በምስክርነት ቀድመው የፈረሙት ቄሱ ናቸው፤ ወንጌሉን በግራ ክንዳቸው እንዳቀፉ።