ነፋስ የማይነካው መኪና

[ሞራቪያ፣ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አንድ የሠርግ ጠዋት። ክሊመንት የሙሽራዋ የቦዢና አባት ነው። የሚስቱ ወንድም ቬንደሊን የአንድ ሀብታም ሾፌር ነው፤ የጌታውን ታትራ የተባለ ጥቁር መኪና ተውሶ ግቢው ውስጥ አቁሟል። ክሊመንት ባልዲ ሙሉ ውሃ ይዞ መኪናውን ይዞራል።]

ቬንደሊን፦ አስቀምጠው አልኩህ ባልዲውን!

ክሊመንት፦ ዳገት አለ እኮ። ይጠማዋል።

ቬንደሊን፦ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ውሃ ምን ይሠራለታል? ስንቴ ልንገርህ? ቆይ፣ ከመጀመሪያው ላስረዳህ። ችግራችን ምን ነበር? ትልቋ ልጅህ በክፍት ጋሪ ስትዳር ነፋስ የአበባ አክሊሏን መንጭቆ ኩሬ ውስጥ ጣለው። ከዚያ ቦዢና ምን አለች?

ክሊመንት፦ «አክሊሌ ከራሴ ከወደቀ እኔ ቤተ ክርስቲያን አልገባም፣ ወደ ቤቴ ነው የምመለሰው» አለች። ታደርገዋለችም።

ቬንደሊን፦ ስለዚህ ነፋስ የማይነካው መኪና አመጣሁላት። እየው፣ የውሃ ጠብታ ነው የሚመስለው! ቅርጹን ያወጣለት መሐንዲስ ድሮ የአየር መርከብ ሲሠራ የነበረ ነው። ሌላው መኪና ቁም ሣጥን ነው፤ ነፋሱን በደረቱ እየገፋ ያለከልካል። ይሄ ግን አንሸራትቶ ያሳልፈዋል። ይህን ጀርባው ላይ የቆመውን ክንፍ አየኸው?

ክሊመንት፦ ዓሣ ነው እንዴ?

ቬንደሊን፦ ነፋሱን ለሁለት የሚከፍል ነው፣ አንተ ገልቱ!

ክሊመንት፦ ኋላውን የሚያሳይ መስኮትስ የታለ?

ቬንደሊን፦ የቀደመ ሰው ኋላውን አያይም።

ክሊመንት፦ [የጥድ ቅጠል ጉንጉን አንስቶ] በል እሺ፣ ይህን ፊቱ ላይ ልሰረው።

ቬንደሊን፦ እጅህን ሰብስብ! የተላጨ ፊቱን ጫካ አድርገህ ነፋሱን ልትጠራብኝ?

ክሊመንት፦ የሙሽራ ፈረስ ሳይጌጥ ቢወጣ መንደሩ ይስቅብኛል።

ቬንደሊን፦ ፈረሱ ያለው ኋላ ነው! ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር፣ ከወንበሩ ጀርባ። እዚያ እሰረው። ነፋስ ካለፈ በኋላ ዞሮ አያይም።

ክሊመንት፦ [እያሰረ] እነዚህን ስንጥቆች እየሸፈንኩ ነው። ፈረሱ በምን ይተነፍሳል?

ቬንደሊን፦ አፍንጫው ኋላ የሆነ ፈረስ የት አይተህ ታውቃለህ?

ክሊመንት፦ ፈረሱ ኋላ ነው ያልከው አንተ!

ቬንደሊን፦ ጠበቅ አድርገህ እሰር፣ አፍህንም ጨምረህ! እህቴ ምን አይታብህ እንዳገባችህ አሁንም አልገባኝም።

[ዳገቱ ላይ። ቦዢና በነጭ ቀሚስ ከአባቷ ጋር ከኋላ ተቀምጣለች። ቬንደሊን አንገቱን ሰብቆ ይነዳል።]

ቬንደሊን፦ አክሊልሽ ተነቃነቀ?

ቦዢና፦ ኧረ ምንም!

ቬንደሊን፦ ስማ አንተ፣ ስማ!

ክሊመንት፦ ቦዢና፣ የገና ሽታ አይሸትሽም?

ቦዢና፦ የተጠበሰ ጥድ ይሸተኛል።

ቬንደሊን፦ የፍጥነት ሽታ ነው። አታውቁትም።

[ሞተሩ ሁለት ጊዜ ሳል ብሎ ይቆማል። ጭሱ መኪናውን ይሸፍነዋል። ሁሉም ይወርዳሉ። የሠርጉን ሙዚቀኞች የጫነ ክፍት ጋሪ ከኋላቸው ይደርሳል፤ ቦዢና አክሊሏን በሁለት እጇ ይዛ ትሳፈራለች። ቬንደሊን የሚጨሰውን ጉንጉን ሊነቅል ይሮጣል።]

ቬንደሊን፦ ወይኔ ጣቴን! ውሃ! ውሃ የለም?

ክሊመንት፦ [የመኪናውን ፊት ከፍቶ፣ ከትርፍ ጎማው አጠገብ ግማሽ የቀረ ባልዲ እያወጣ] ደብቄ ጭኜው ነበር። ግን ውሃ አይጠጣም ብለህ...

ቬንደሊን፦ ለእኔ ነው! [እጁን ባልዲው ውስጥ ይከታል።]

ክሊመንት፦ ቬንደሊን፣ እኔ ገልቱ ነኝና አትቆጣኝ። ይህ ሞተር የሚቀዘቅዘው በምን ነበር ያልከኝ?

ቬንደሊን፦ በ... በአየር።

ክሊመንት፦ በአየር! [ጉንጉኑን አየት አድርጎ] እኛ ታዲያ ምን አደረግነው?

[ቬንደሊን ፊቱን ወደ ስንጥቆቹ ያዞራል።]

ቦዢና፦ [ከጋሪው] አባዬ፣ ና እንጂ! አክሊሌን ያዝልኝ፣ እጄ ዛለ!

ክሊመንት፦ [እየተሳፈረ] መጣሁ ልጄ! አጎትሽ ነፋሱን ሁሉ ስላባረረው ምንም አይነካሽም።

[ጋሪው በሙዚቃ ይሄዳል። ቬንደሊን አንድ እጁን ባልዲ ውስጥ እንደነከረ፣ በሌላው የጥድ ቅጠል ከስንጥቆቹ አንድ በአንድ ይለቅማል፤ መሀል መሀል ጎንበስ እያለ በአፉ እፍ ይልበታል።]

ክሊመንት፦ [ከሩቅ] ጠንከር አድርገህ እፍ በል! ጠምቶት ነው!