እግር ላሙቅ ብዬ ለቅሶ ተቀመጥኩ

ወገኖቼ፣ ዛሬ የራሴን የለቅሶ ዳቦ በላሁ።

ቀልድ አይደለም። በሻይ አድርጌ ነው የበላሁት!

ሳቁ፣ ግድ የለም። እኔ ግን ከእፍረቱ የተነሣ ፊቴ ገና እንደጋለ ነው።

የምታውቁኝ ታውቁኛላችሁ፤ አንድ ቤት መቀመጥ አይሆንልኝም። አጋርፋ ሴት ልጄ ጋ እሰነብታለሁ፣ ጎባ እህቴ ዘንድ እወርዳለሁ፣ ደግሞ ሮቤ ወንድ ልጄ ጀማል ቤት ብቅ እላለሁ። ፊደሉንም እንዲሁ ስዞር፣ ከልጆቼ ደብተር ላይ ነው የለቀምኩት። ስሕተት ካያችሁ አይታችሁ እንዳላየ እለፉ።

አሁን ያለሁት ጀማል ጋ ነው።

ጀማል አናጢ ነው። ዘመኑን ሁሉ ሰው ቤት ተቀጥሮ ሲሠራ ኖሮ ዘንድሮ የራሱን ወርክሾፕ ከፈተ። ወርክሾፕ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ! ግድግዳው ቆርቆሮ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ከታች ባዶ ሲሚንቶ።

ሲሚንቶ! በታኅሣሥ! ሮቤ!

ሮቤን የማታውቁ ልጆች ልንገራችሁ። ሌሊት ሣሩን ነጭ አድርጎት የሚያድረው ውርጭ ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ የት የሚሄድ ይመስላችኋል? የጀማል ሲሚንቶ ውስጥ ነው የሚገባው። ከዚያ ቀኑን ሙሉ በጫማችሁ ሶል በኩል ወደ ላይ ይወጣል። ሹራብ በሹራብ ላይ ብትደርቡ ዋጋ የለውም።

ታደለ የሚባል ሠራተኛ አለው፣ የወሎ ሰው። እንጨት ሲልግ አንዴ በቀኝ እግሩ፣ አንዴ በግራ እግሩ ይቆማል። ልክ እንደ ሽመላ።

ዛሬ ደግሞ ትልቅ ቀን ነበር። የአንድ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሊመጣ ነው። ለአዲሶቹ ክፍሎች ዴስክ ያሠራል። ጀማል አንድ ሳምፕል ሠርቶ፣ ወልውሎ፣ ጥግ ላይ አስቀምጦታል። ዳይሬክተሩ ከወደደው ሥራው የጀማል ነው። ካልወደደው ጎባ መንገድ ላይ ላለው ለሌላው አናጢ ይሰጣል።

ትናንት እራት ላይ ጀማል ምን አለኝ መሰላችሁ? «እማዬ፣ ይኼ ኦርደር ካመለጠኝ ወርክሾፑን ዘግቼ ተመልሼ እቀጠራለሁ።»

እራቱንም አልጨረሰው።

እናት ነኝና ዝም ብዬ ልይ? ልጄ በብርድ እየተንቀጠቀጠ እንግዳ ይቀበል? የሚንቀጠቀጥ ሰው እኮ የሚዋሽ ነው የሚመስለው!

ስለዚህ ጠዋት ተነሥቼ ወለሉን ያዝኩት።

ይህችን እንኳ ያዟት፣ ትጠቅማችኋለች። መጀመሪያ ካርቶን ታነጥፋላችሁ። ከዚያ በማዳበሪያ ጆንያ ሰጋቱራ ጠቅጥቃችሁ እንደ ፍራሽ ትደረድራላችሁ፤ አናጢ ቤት ሰጋቱራ አይጠፋም። በላዩ ከሲናና የመጣ የስንዴ ገለባ። በገለባው ላይ ሰሌን። በሰሌኑ ላይ ከቤት ያመጣሁት ምንጣፌ። ለእኔ ደግሞ አጎዛ።

ወይኔ ሙቀቱ!

ምንጣፌ ላይ ግን በጫማ የሚቆም የለም። «ጫማችሁን ደጅ!» አልኩ።

ታደለ «አኮ፣ እንጨት እግሬ ላይ ቢወድቅስ?» አለኝ። አኮ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው፤ ወሎዬውም ለምዶታል።

«ጣትህ በብርድ ከሚወድቅ እንጨት ይውደቅበት!» አልኩት።

አወለቀ። ጀማልም አወለቀ። ከአጠገባችን ያሉ ባለሱቆች ሙቀቱን ሰምተው መጡና እነሱም አወለቁ።

በሩ ቀረ። ረጅም ጣውላ ስለሚገባበት መዝጊያ የለውም፣ ነፋሱ ይጫወትበታል። እሱንም ዘየድኩ! ደጅ ላይ በአጠና ደግፈን ሸራ ወጠርን። ሸራው ሥር የከሰል ምድጃ አስቀመጥኩ።

ያኔ መብራት ጠፋ። ማሽኑ ቆመ። ኔትወርኩም አብሮ ሄደ።

ምን ይሠራ? ሁሉም ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለ። እግር ሲሞቅ ደግሞ ወሬ ይቀንሳል፤ ዝም ዝም ሆነ። እኔ ብርድ ጥርሴን ስለሚነካኝ ፊቴን በነጭ ነጠላ ተከናንቤ መሃል ተቀመጥኩ።

አሁን እናንተ በመንገድ ስታልፉ አስቡት።

ደጅ ላይ የተወጠረ ሸራ። ሸራው ሥር ከሰል። በር ላይ የተከመረ ጫማ። ውስጥ አንገታቸውን ደፍተው የተቀመጡ ወንዶች። መሃላቸው የተከናነበች አሮጊት።

ምን ትላላችሁ?

እኔማ ምን አውቄ! እኔ ውስጥ ነኛ!

መጀመሪያ የገባችው ጎረቤቴ ዘይነባ ናት። ጫማዋን አወለቀች፣ በቀስታ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለች፣ አጠገቤ ተቀመጠች፣ እጄን ያዘች። እንባዋ ዱብ ዱብ።

ወይኔ አልኩ! ዘይነባ ሰው ሞቶባታል!

«ማን ነው?» ብዬ እንዳልጠይቅ ነውር ነው። መርዶ እየጠየቁ አያወጡትም፤ ሰውየው ራሱ እስኪናገር ይጠበቃል። አቅፌያት አለቀስኩ።

«ሰብር አድርጊ ዘይነባ» እላታለሁ።

«አንቺም ሰብር አድርጊ ፋጡማ» ትለኛለች።

እንዴት ያለች ሴት ናት አልኩ! በራሷ ሐዘን ለእኔ ታስባለች!

ከዚያ ሰው መጣ። የባጃጅ ሾፌሮች መጡ። አትክልት ሻጮች መጡ። ሽማግሌዎች መጡ፤ ጉልበታቸው አልታጠፍ ያላቸው ሦስቱ ጥግ ያለው ነገር ላይ ተደርድረው ጋቢያቸውን ለቀቁ። የገባው ሁሉ እጁን ዘርግቶ ዱዓ ያደርጋል። እኛም እጃችንን ዘርግተን አሚን እንላለን። ዱዓ ሲደረግ አሚን የማይል አለ?

ጀማልን አየሁት። አመድ መስሏል። እኔ የማውቀውን የደበቅኩት መስሎታል። እኔ ደግሞ እሱ የደበቀኝ መስሎኛል።

እዚህ ላይ ቀልዱ ይቁም። ሰው ሁሉ ወደ እኛ የመጣው የሞተው የእኛ ሰው ቢሆን ነው ብዬ ሳስብ፣ አጋርፋ ያለችው ልጄ ትዝ አለችኝ። ስልኬን አወጣሁ፤ ኔትወርክ የለም። ያ ረቢ እሷን እንዳታደርገው አልኩ በሆዴ።

ያኔ ጎረቤት ያዘጋጀው ዳቦ መጣ፣ ከፔርሙዝ ሻይ ጋር።

በላሁ። እኔ ስጨነቅ ይርበኛል! ምን ላድርግ?

ዳቦውን እያኘክሁ ሳለ ዳይሬክተሩ ገባ።

ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ፣ ጨዋ ሰው ነው። ሸራውን አየ፣ ጫማውን አየ፣ ምንም ሳይናገር የራሱንም አወለቀ። ካልሲው ከፊት ተቀዷል፤ አውራ ጣቱ አጮልቃ ታያለች። ተቀመጠ። ትንሽ ቆየ። ደግሞ ትንሽ ቆየ። ከዚያ የጀማልን ትከሻ ይዞ እንዲህ አለው፦

«እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ለሥራው አታስብ ጀማል፣ በዚህ ቀን ስለ ዴስክ ማውራት ነውር ነው። እኔ ዛሬ መወሰን ስላለብኝ ከጎባ መንገዱ ሰውዬ ጋ እጨርሳለሁ።»

ጀማል ራሱን ነቀነቀ። ሐዘንተኛ ምን ይላል?

ሄደ።

እሱ ወጥቶ ባጃጅ ሲይዝ፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጠየቁ። «ጀማል ልጄ፣ ቀብሩ ከዙሁር በኋላ ነው?»

ጀማል ቀና አለ። «የማን ቀብር?»

ሁሉም አጠገቡ ያለውን አየ።

ዘይነባ እጄን ለቀቀች። «ፋጡማ፣ ማን ነው የሞተብሽ?»

«እኔ? አንቺ አይደለሽ እንዴ እያለቀስሽ የገባሽው!»

«እኔማ ሸራውን አይቼ ነው!»

ይኼኔ ከገበያ በኩል አንዲት ሴት እየጮኸች ደረሰች። «ዋይ ፋጡማ! ዋይ የእኔ ደግ! ሳልሰናበትሽ!» ለካ ገበያው ተመካክሮ ማን እንደሞተ ወስኗል። ከጀማል ቤት ያረጀው ማን ነው? እኔ!

ቀና ስትል አየችኝ። ጉንጬ በዳቦ ተወጥሯል።

«ቢስሚላሂ!» ብላ ዞራ ሮጠች። ጫማ ተሳስታ ነው የሮጠችው።

ታደለ በሳቅ ምንጣፉ ላይ ተንከባለለ። ሁሉም ሳቀ።

ጀማል ብቻ አልሳቀም። «እማዬ፣ ዳይሬክተሩ እኮ ሄደ» አለኝ። ድምፁን ከፍ እንኳ አላደረገም።

ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ተነሣሁ። ከጫማው ክምር እጄ የገባውን አጠለቅሁ፤ በአንድ እግሬ የራሴን ነጠላ ጫማ፣ በሌላው የታደለን ቡትስ። ባጃጅ አስቆምኩ።

ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝ። «አኮ፣ እርስዎ… ሞተዋል ሲሉ ሰማሁ?»

«ሞቼ ነበር! ንዳ!»

ስደርስ ዳይሬክተሩ ከሌላው አናጢ ጋ ቆሟል። እጁን ለመጨበጥ ዘርግቷል።

«ቆይ! ማንም አልሞተም!» ብዬ ጮህኩ።

«እማማ? እርስዎ አሁን ለቅሶ ላይ አልነበሩም?»

«ነበርኩ። ለቅሶው ነው ያልነበረው።»

ሁሉንም ነገርኩት። ሲሚንቶውን፣ ሰጋቱራውን፣ ሸራውን። እየሰማኝ ዓይኑ ወደ ቡትሱ ወረደ።

«ማለት… ያ ሁሉ ለእግር ነው?»

«ለእግር ነው ልጄ።»

ሌላው አናጢ ሆዱን ይዞ ጣውላ ላይ ተቀመጠ። ዳይሬክተሩ ግን አልሳቀም። ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ «እውነቱን ልንገርዎት? ባሌ ከመጣሁ ወዲህ እግሬ የሞቀኝ ዛሬ እናንተ ጋ ነው። ተጨማሪ የቆየሁትም ለሐዘኑ አልነበረም» አለኝ።

እንግዲህ ማን ይፈር?

ወደ ሌላው አናጢ ዞሮ «ይቅርታ፣ የጀማልንም ሳላይ ልወስን አይገባም» አለው። ሰውየው እንባውን እየጠረገ «ሂድ ሂድ፣ ከሞት ከተነሣች ሴት ጋ ማን ይከራከራል!» አለ።

ስንመለስ ምን አገኘን መሰላችሁ? ማንም እንዳልሞተ ካወቁ በኋላ ማንም አልሄደም! ዳቦው አለ፣ ሻዩ አለ፣ ወለሉ ሞቋል። ወዴት ይሂዱ?

«ሳምፕሉ የታለ?» አለ ዳይሬክተሩ።

ጀማል ዞር ዞር አለ። ጥግ ላይ የለም። ከዚያ ፊቱ ልውጥ አለና በጣቱ ወደ ሽማግሌዎቹ አመለከተ።

ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ገለጥ አደረጉ። ከታቻቸው አለ! ለሁለት ሕፃናት የተሠራ ዴስክ ላይ ሦስት የጠገቡ ሽማግሌዎች! አንዱ መጻፊያው ላይ ፔርሙዝ አስደግፈዋል።

ጀማል ዓይኑን ጨፈነ።

«አባባ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ ላይ የተቀመጡት?» አለ ዳይሬክተሩ።

«ከመጣን» አሉ መሃለኛው። «ምን አለው? ሲጢጥ እንኳ አላለም። መደገፊያውማ ለወገብ እንዴት ጥሩ ናት! እንዲህ ያለ የት ይሸጣል?»

ዳይሬክተሩ ተንበረከከ። የዴስኩን እግር ነቀነቀው፤ አልተነቃነቀም። በሥር በኩል እጁን ሰድዶ መጋጠሚያውን ዳበሰ። ሽማግሌዎቹ ለመነሣት አላሰቡም።

«ጀማል» አለ ቀና ብሎ፣ «ሥራው ያንተ ነው።»

አልሃምዱሊላህ! ዱዓ ተደረገ። ዘይነባ እንደገና አለቀሰች፤ የአሁኑ በምክንያት ነው።

እዚህ ላይ ባበቃ ጥሩ ነበር።

ግን መብራት መጣ። ጣውላ በጋሪ ደረሰ። ሥራው ዛሬውኑ መጀመር አለበት። ጀማል መጥቶ አጠገቤ ቁጢጥ አለ።

«እማዬ፣ አትቀየሚኝ። ጣውላ ማስቀመጫ የለንም። ደግሞ ነገ ያን ሸራ የሚያይ ሰው…»

ሸራው ወረደ። ምንጣፌ ተጠቀለለ። ጆንያዎቹ እንዳሉ ወደ ጓሮ ተወረወሩ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሲወጡ «ነገስ ለቅሶ የለም?» ብለው ጠየቁ። ከልባቸው ነው!

ኔትወርኩ ሲመለስ ስልኬ ጮኸ። የአጋርፋዋ ልጄ ናት፤ ወሬውን አውቶቡስ ላይ ሰምታ እያለቀሰች። «እማዬ ሞተች ይላሉ!» አለችኝ፣ ለራሴ። ድምፄን ለማመን ብዙ አስለፈለፈችኝ። የምጽፈውም ለዚህ ነው። አጋርፋም ጎባም ያላችሁ፣ አለሁ፣ አትምጡ። ለነፍሴ ያደረጋችሁት ዱዓ ግን ይቀመጥልኝ፣ አይመለስም።

አሁን ባዶው ሲሚንቶ ላይ በርጩማ አስቀምጬ ልጄ ሲሠራ እያየሁ ነው። ማሽኑ ይጮኻል፣ ኦርደር አለ፣ ጀማል ያፏጫል፣ የእኔ እግር ደንዝዟል።

እስቲ ኮሜንት ላይ ንገሩኝ ወገኖቼ። እዚህ አገር ሰው እግሩ ሞቆት ዝም ብሎ ቁጭ እንዲል የግድ ሰው መሞት አለበት?