የበርበሬ ሉዓላዊነት

የኢኮኖሚ ውህደትን የሚያፈርሱት ፖለቲከኞች ናቸው ያላችሁን ሰው አትመኑት። የሚያፈርሰው በርበሬ ነው! ቆይ፣ አትሳቁ፤ ላስረዳችሁ።

ፒያሳ፣ አንድ ግቢ ውስጥ አራት አባወራ ነን። ኑሮው ሲብስ ጋሽ መኮንን፣ የግቢው ታላቅ፣ ማኪያቶ ጋበዙንና «አስቤዛ ለምን በጋራ አንገዛም?» አሉ። ሽንኩርቱን፣ ዘይቱን... በርበሬውንም! በአንድ ላይ ተቀንጥሶ፣ ተደልዞ፣ ተፈጭቶ እኩል ሊከፋፈል። እኔ ደግሞ የምሠራው ሕግ ክፍል ነው፤ አፌ መች ያርፋል? «የጋራ ገበያ ማለት ይኼ ነው! አውሮፓ የት የደረሰ ይመስላችኋል?» ብዬ ሰበክሁና በቤቴ ስም ተስማማሁ።

አንድ ነገር ግን ረስቻለሁ። ገበያቸውን ያዋሃዱት አገሮች እኮ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት አላቸው። መንግሥት ከሥልጣኑ አልፎ ተስማምቶ ከመጣ፣ ዳኞቹ በመነጽራቸው ሥር አየት አድርገው «ይኼ እኛ ጋ አይሠራም» ይሉታል። የእኔ ቤት ዳኛ መነጽር የላትም። ሰናይት ትባላለች፤ ባለቤቴ ናት።

«ሽንኩርቱ ይሁን፤ ዘይቱም ይሁን። በርበሬውን ግን ማንን አስፈቅደህ ነው?»

«እንዴ! አባወራው እኔ አይደለሁ?»

«በርበሬ ደልዘህ ታውቃለህ?»

«ኧረ እኔ...»

«ታዲያ የሌለህን ሥልጣን ነው ለሰው የሰጠኸው?»

ወይ ጉድ! ይግባኝ የለ፣ ሰበር የለ።

በማግስቱ ሁለቱን ጎረቤቶቼን ካፌው ውስጥ አንገታቸውን ደፍተው አገኘኋቸው። ለካ እነሱም ቤት ችሎት ተሰይሞ ኖሯል! የአንደኛው ሚስት «ኮረሪማ አመጣጥና የማታውቅ ሴት ከእኔ በርበሬ ጋር? ሞቼ ነው ቆሜ!» ብላለች አሉ። ለጋሽ መኮንን ማን ይንገር? «አውሮፓን ያመጣህብን አንተ ነህ» ብለው ወደ እኔ ገፉት።

እየተንተባተብሁ ነገርኳቸው። ጋሽ መኮንን፣ «እኔማ ባለቤቴ አስቴር ካረፈች ወዲህ የሱቅ በርበሬ አልዋጥልህ ብሎኝ ነው፤ ለምኖ መብላት ደግሞ አፈርሁ» አሉ። አንጀቴን በሉት። ለካ በአራቱ ቤት ችሎት የሌላቸው እሳቸው ብቻ ናቸው!

ሰናይት ይህን ስትሰማ የጮኸችው በእኔ ላይ ነው። «ይኼን መጀመሪያ አትናገርም ነበር?» ብላ አንድ ጣሳ በርበሬ ሞልታ ላከችላቸው። ሁለቱም ጎረቤቶች እንዲሁ።

አሁን በግቢያችን የጋራ ገበያ ያለው ጋሽ መኮንን ጓዳ ውስጥ ነው፤ ሦስቱም በርበሬ በየጣሳው ጎን ለጎን። እሑድ ዕለት ሦስቱ ሴቶች በተሰበሰቡበት፣ እኔ መቼም አላርፍ፣ «ጋሼ፣ ለመሆኑ የማን ይበልጣል?» አልኋቸው።

ሰናይት እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። ጋሽ መኮንን ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉና፣

«ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን የለኝም» አሉ።