ክቡር ዘርይሁን፣ የባሕር ውሾች እንቅልፍ ጠባቂ

የሰው ልጅ ሥራውን መሥሪያ ቤት ትቶ መምጣት አይችልም። አስተማሪ የነበረ ሰው ለቅሶ ቤት ገብቶም አልቃሿን ያርማል። ዘበኛ የነበረ ሰው የገዛ ሚስቱን "ማን ነሽ? ከየት ነሽ?" ሳይል በር አይከፍትም። ትራፊክ ፖሊስ የነበረውንማ ሠርግ አትጥሩት፤ ሙሽሮቹን በግራ፣ ሚዜዎቹን በቀኝ ካላሳለፈ እህል አይወርድለትም። ከሁሉም የሚብሰው ግን ሥራው ማስቆም የሆነ ሰው ነው። እሱ ጎረቤት ሆኖ የመጣ ቀን እግዚአብሔር ይሁናችሁ። እኛ እዚህ ባሕር ማዶ፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ በሚባለው ሰፈር፣ ስምንተኛ ፎቅ ላይ አንድ አለን።

ስሙ ዘርይሁን ነው። እኔ በልቤ "ክቡር ዘርይሁን" እለዋለሁ፤ እሱ እጁን ሲያነሳ ስንት ግዙፍ መኪና ቀጥ እንደሚል በስልኩ አሳይቶኛልና።

የተዋወቅነው ሊፍት ውስጥ ነው። ብርቱካናማ ሰደሪያ ለብሶ፣ ሩቁን የሚያቀርብ መነጽር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ሻንጣ እየጎተተ ገባ። ጎንበስ ብሎ በአማርኛ ሰላም ሲለኝ ደስ አለኝና ምን እንደሚሠራ ጠየቅኩት።

"የባሕር ዳር እንስሳት እጠብቃለሁ፣ እማማ።"

"ሌባ አለባቸው?"

"ኧረ የለባቸውም። እኛ እንዳንረብሻቸው ነው።"

"እናንተ እነማን ናችሁ?"

"ግንባታው ላይ ያለነው ሠራተኞች።"

"እንዳትረብሿቸው ከሆነ ታዲያ ለምን ቤታችሁ አትቀመጡም?"

ሊፍቱ ስምንተኛ ደረሰ፤ በሩ ተከፈተ። እሱ ግን አልወጣም። ጥያቄዬን ከብዙ ሰው የሰማ ሰው ፊት ነበረው። "እሱማ እማማ፣ የምንገነባው ለእነሱ ነው እኮ!" አለኝ። በሩ መልሶ ተዘጋብን።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ አስረድቶኛል፤ እኔም ብዙ ጊዜ ራሴን ነቅንቄያለሁ፤ ነገሩ ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም። በምሥራቅ፣ አትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር፣ የድሮ ገበሬዎች ባሕሩን በአፈር ግድብ ከልክለው ረግረጉን እርሻ አድርገውት ነበር አለ። አሁን ደግሞ ረግረጉ ይመለስ ተባለ፤ ዓሣ የሚራባው፣ ወፍ የሚያርፈው እዚያ ነው፤ ማዕበሉንም ያበርዳል። ረግረግ ግን ና ስላሉት አይመጣም። ግድቡን በዶዘር መናድ አለ፣ ዳር ዳሩን ድንጋይ መደርደር አለ፣ ምሰሶ መትከል አለ። ምሰሶው በማሽን ሲመታ ድምፁ ውኃ ውስጥ እንደ መድፍ ይሄዳል። እዚያው አጠገብ ደግሞ ድንጋይ ላይ ተጋድመው ፀሐይ የሚሞቁ እንስሳት አሉ። የእንግሊዝኛ ስማቸው ለምላሴ ስላልተመቸኝ እኔ የባሕር ውሻ እላቸዋለሁ። ፊታቸው ውሻ፣ ጅራታቸው ዓሣ፣ አኳኋናቸው የጡረተኛ ነው።

እንግዲህ ለእንስሳት ቤት ሲታደስ እንስሳት ይረበሻሉ። እንዳይረበሹ ሕግ ወጣ። ሕጉ እንዲከበር ዘርይሁን ተቀጠረ። ዘርይሁን ሥራውን ሲያስቆም ደግሞ የእንስሳቱ ቤት ይዘገያል። የት ጋ እንደምስቅ፣ የት ጋ እንደማዝን ግራ ገባኝ።

ጭራሽ ያዞረብኝ የፈቃዱ ነገር ነው።

"ጨርሶ አትረብሹ አይደለም የተባልነው፣ እማማ። ከዚህ በላይ አትረብሹ ነው።"

"ረብሻ በፈቃድ?"

"በፈቃድ።"

እንስሳው ቀና ብሎ አይቶ መልሶ ከተኛ፣ ረብሻ አይባልም። ከተኛበት ተነሥቶ ትንሽ ከተንፏቀቀ ይጻፋል። ደንግጦ ውኃ ውስጥ ዘሎ ከገባማ የዘርይሁን ቀን ተበላሸ ማለት ነው፤ ማታ ሲደውልልኝ ድምፁ ራሱ ዘመድ እንደሞተበት ነው። ደግሞ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ውኃውን ይቃኛል። ምንም ባያይም ይጠብቃል። "አልታየም ማለት የለም ማለት አይደለም፣ እማማ፤ ጠልቆ ይሆናል" ይላል። አንዱ ብቅ ካለ ዘርይሁን ሁለት እጁን ከራሱ በላይ ያነባብራል፤ ያኔ ሁሉ ነገር ቀጥ! ሲጀመርም ምሰሶውን በአንዴ አይደበድቡትም። መጀመሪያ ቀስ፤ ትንሽ ዕረፍት፤ እንደገና ቀስ። ጠልቆ ያልታየ ካለ ሰምቶ፣ አስቦ፣ ሳይደነግጥ እንዲሄድ።

አንድ ጊዜ በስልኩ ቪዲዮ አሳየኝ። አንድ የባሕር ውሻ ሆዱን ገልብጦ ተኝቷል። ዶዘሩ ቆሟል፤ ሠራተኛው ሁሉ ተቀምጦ ሳንድዊች ይበላል። አንድ ቀይ ሰውዬ ብቻ፣ አለቃ መሆኑ ያስታውቃል፣ ዘርይሁን ፊት ቆሞ ይጮኻል።

"ምንድን ነው የሚለው?" አልኩት።

"'እንስሳው እኮ ተኝቷል!' ነው የሚለኝ።"

"አንተስ ምን አልከው?"

"'እኔም እሱን ነው የምልህ' አልኩት።"

ይህን ጠባዩን እዚያው ባሕር ዳር ቢተወው ማን ይጠላው ነበር! እሱ ግን ሻንጣው ውስጥ ከትቶ ይዞት ይመጣል። በር ሲያንኳኳ መጀመሪያ በአንድ ጣት ነው፤ የማይሰማ ነው። ከዚያ ይጠብቃል። ቀጥሎ በሁለት ጣት። እኔ በሩን እስክከፍት የመጣበት ጉዳይ ያልፋል። "ዘርይሁን፣ ወይ አንኳኳ ወይ ተወው!" እላለሁ። "እንዳይደነግጡ ብዬ ነው፣ እማማ" ይለኛል።

ዳንፎርዝ ጎዳና ያለችው ቤተ ክርስቲያናችንም አልቀረላትም። መዘምራኑ ከበሮውንና ጊታሩን ሊለቁት ሲሉ፣ "ቀስ ብለን እንጀምር፣ ሕፃናት ተኝተዋል" እያለ ድምፅ ማጉያው ጋ ይሄዳል። ሽማግሌያችን ጋሽ ብሩኬ አንድ ቀን ትዕግሥታቸው አለቀ። ለታመመ የሚጸልዩ፣ ላዘነ የሚደርሱ፣ ድምፃቸው ያለ ማጉያ ዳንፎርዝን የሚሻገር ሰው ናቸው።

"ስማ እንጂ ዘርይሁን፣ ጌታ ሲመጣ በመለከት ነው። ያን ቀን እንዴት ልትሆን ነው?"

ዘርይሁን ጥያቄውን ከልቡ አሰበበት። "መጀመሪያ ላይ ትንሽ ትንሽ ቢነፋ…" አለ።

እኔንም አልማረኝ። አንድ እሑድ ከጸሎት በኋላ እኔ ቤት ምሳ ተበልቶ፣ ሶፋ ላይ ጋደም ብያለሁ። የልጅ ልጄ ፌበን የምንጣፍ መጥረጊያውን ማሽን አስነሣችው። ዘርይሁን ከወንበሩ ዘሎ ተነሣ።

"ቆይ! ፌበን፣ ቆይ! እማማ ተጋድመዋል!"

"ሺ ኢዝ ፋይን፣ አንክል!"

እኔም ቀና ብዬ አየኋቸውና መልሼ ተኛሁ። "አየሽ፣ ቀና ብለው ብቻ ነው ያዩት፤ አይጻፍም" ሲላት ሰማሁ። በስተርጅናዬ የባሕር ውሻ ሆኜ አረፍኩት።

እንዲህ እየሳቅንበት ሳለን የጠጂቱ እናት አገር ቤት አረፉ።

ጠጂቱ ፊት ለፊቴ ያለው ቤት የምትኖር ልጅ ናት። ስምንተኛ ወሯን ይዛለች፤ ግፊቷ ከፍ ብሎ ሐኪሙ "አደራ፣ እንዳትደነግጥ" ብሏል። ወሬውን ቀድሞ የሰማው ባሏ ሰላሙ ነው። ምን ያድርግ? ስልኳን "ተበላሽቷል፣ ለጥገና ልስጠው" ብሎ ወስዶ ደበቀው። ግን ሰው ያለ ስልክ እስከ መቼ? ዘመድ ይደውላል፣ ፌስቡክ አለ። ወይ እኛ እንነግራታለን፣ ወይ አንድ የማያውቃት ሰው "ነፍስ ይማር" ብሎ ይነግራታል።

"ወግ አለን እኮ" አሉ ጋሽ ብሩኬ። "ቅዳሜ ጠዋት ሁላችንም አንድ ላይ እንገባለን። ስታየን ይገባታል። እናለቅሳለን፣ ታለቅሳለች፣ ይወጣላታል።"

እኔ መንገሩንም አለመንገሩንም ፈራሁ። የሁለት ነፍስ ነገር ነው።

ቅዳሜ ሊፍቱ ሰው እያመጣ ሲያራግፍ ኮሪደሩ ሞላ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ጋሽ ብሩኬ ለማንኳኳት እጃቸውን ሲያነሡ የዘርይሁን በር ተከፈተ። ከባሕር ዳር የገባው በዋዜማው ነው። አየን። ኮሪደሩን ከዳር እስከ ዳር አየ። ከዚያ ሄዶ የጠጂቱን በር በጀርባው ጋረደና ሁለት እጁን ከራሱ በላይ አነባበረ።

"ዞር በል አንተ!" አሉ ጋሽ ብሩኬ በሹክሹክታ፤ የሳቸው ሹክሹክታ ጩኸት ነው። "እዚህ የባሕር ውሻ የለም!"

"አውቃለሁ፣ ጋሼ። እናት ናት ያለችው።"

"እና አትስማ? እናቷ ተቀብራ እሷ ትሳቅ?"

"ትስማ። ዛሬውኑ ትስማ። ግን ይሄ ሁሉ ሰው በአንዴ…"

"ወጉ ነው!"

"ወጉን አልነካሁም፣ ጋሼ። አጀማመሩን ነው።"

ሴቶቹ ለሁለት ተከፈሉ። አንዷ "እውነቱን ነው" አለች፤ ሌላዋ "ይሄ ሰው ባሕሩ አሳብዶታል" አለች። ጋሽ ብሩኬ ወደ እኔ ዞሩ። "እማማ ዓለምሸት፣ ታላቃችን እርስዎ ነዎት። ይፍረዱ።"

ምን ልፍረድ? ልቤ ከሁለቱም ጋር ነበር። ጉልበቴ ግን መቆም አቅቶት ነበርና፣ "እስቲ እኔ ቤት ገብተን እንቀመጥ" አልኩ። ይህ ፍርድ ተብሎ ተወሰደ።

ዘርይሁን መጀመሪያ የሚገባው ሰው እኔ እንድሆን አለ፤ በየቀኑ የምታየኝ እኔን ነው።

"ምን ልበላት?"

"ምንም አይበሉ። ከጠየቀችዎት ግን አይዋሿት።"

"ነጠላዬን ላስተካክለው?"

አሰበና፣ "እንዳዘቀዘቁት ይግቡ" አለኝ።

ጠጂቱ ሶፋው ላይ ተቀምጣ የሕፃን ልብስ ታጥፋለች። ነጠላዬን አየችው። "ሻይ ላፍላ፣ እማማ?" አለች። "ተቀመጪ፣ እኔ አፈላለሁ" አልኩ። ሻዩን አቀረብኩላት። ትንሽ ቆይቶ ሰላሙ ገባ።

"ዛሬ ሥራ የለህም?"

"አልሄድኩም" አላትና አጠገቧ ተቀመጠ።

ቀጥሎ የጋሽ ብሩኬ ባለቤት እታገኝ ገባች፤ አንገቷን ደፍታ በሩ አጠገብ ቁጭ አለች። ጠጂቱ አንዲቷን ትንሽ ካልሲ ታጥፋለች፣ ትፈታለች፣ መልሳ ታጥፋለች።

"እማማ" አለች ሳታየኝ። "እናቴ ናት?"

"አዎ፣ ልጄ።"

አልጮኸችም። ካልሲዋን ጨብጣ ወደ እኔ ዘነበለች፤ ሆዷ መካከላችን ሆኖ አቀፍኳት፤ ሕፃኑ ሲራገጥ በእኔም ሆድ ተሰማኝ። ብዙ አለቀሰች። ሰላሙ ግፊት መለኪያውን ክንዷ ላይ ሲያስር እንኳ አልከለከለችውም። ከፍ ብሏል፤ ሐኪሙ ከነገረን ልክ ግን አላለፈም። ከዚያ ቀና ብላ ዙሪያዋን አየች።

"ሰዎቹስ? ብቻችሁን ነው የመጣችሁት? ለእናቴ የሚያለቅስ ሰው የለም?"

ያኔ ዘርይሁን ከውጭ ሰምቶ በሩን ከፈተው። ሁለት ሁለት እያለ አስገባቸው። ጋሽ ብሩኬ መጀመሪያ ገቡ፤ ድምፃቸውን አፍነው፣ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ጠጂቱ እግር ሥር ተንበርክከው አለቀሱ። እስከ ማታ ሰው ገባ፣ ሰው ወጣ። ሕፃኗ በወሯ፣ በሰላም ተወለደች።

ጋሽ ብሩኬ ግን አሁንም አልተዋጠላቸውም። "መርዶ በወረፋ አየን!" ይላሉ ባገኙት ሰው ፊት። አልፈርድባቸውም። እንደ ወጉ ብንገባስ ምን ትሆን ነበር? ምንም ላትሆን ትችል ነበር። ይህንኑ ዘርይሁንን ጠየቅኩት።

"አላውቅም፣ እማማ" አለኝ። "ሥራዬም እንደዚያ ነው። እንስሳው ሳይደነግጥ ሲቀር፣ እኔ ስላስቆምኩ ይሁን ድሮም ሊደነግጥ ስላልነበረ፣ ማንም አይነግረኝም።"

"ታዲያ በምን ታርፋለህ?"

"አላርፍም እኮ።"

ባዶ ውኃ ላይ ቀኑን ሙሉ ዓይኑን ተክሎ የሚውል፣ መልካም መሥራቱን እንኳ የማያውቅ ሰው! ይህ ምን ዓይነት እንጀራ እንደሆነ አሁንም አልገባኝም።

ደብረ ዘይት ያለችው ታላቅ እህቴ አልጋ ከያዘች ሰነባብታለች። ልጆቼ በስልክ እያወሩ እኔ ስገባ ወሬ ይቀይራሉ። ሕፃን አይደለሁም፤ አንድ ጠዋት ይህ ኮሪደር ለእኔ ሲል እንደሚሞላ አውቃለሁ። ለልጆቼ አንድ ቃል ብቻ አስይዣቸዋለሁ፤ ጋሽ ብሩኬ አይስሙኝ እንጂ። ያን ቀን ዘርይሁን ባሕር ዳር ሆኖ ከተገኘ፣ እስኪመለስ ጠብቁት ብያለሁ።