ትጉሁ ሠራተኛ መጋዘን ሁለት

ሥልጣኔ ወደ መሥሪያ ቤታችን የገባችው አንድ ማክሰኞ ጠዋት በእጅ ጋሪ ተገፍታ ነው። ሌላ መሥሪያ ቤት ለዓመታት ሲገለገልበት ኖሮ ያሰናበተውን ኮምፒዩተር እኛ በጭብጨባ ተቀበልነው። ቃለ ጉባኤ ያዥ ስለሆንኩ ጭብጨባውን ሳይቀር መዝግቤዋለሁ።

ዘመናዊነት ያለ ኮሚቴ አይሆንምና፣ ማን በየትኛው ስም ኮምፒዩተሩን እንደሚከፍት፣ ማን ፋይል እንደሚያይና ማን እንደሚጽፍ የሚወስን ኮሚቴ ተቋቋመ። ኃላፊያችን ነገሩን ባጭሩ ቋጩት፦ «መጻፍ የሥልጣን ጉዳይ ነው።» ስለዚህ የመጻፍ ፈቃድ ለእሳቸው ብቻ ተሰጠ። ለእኔና ለጸሐፊዋ ማየት ብቻ ተፈቀደልን። ኃላፊያችን በሕይወታቸው ኪቦርድ ነክተው አያውቁም፤ የይለፍ ቃላቸውም ለጥንቃቄ ታሽጎ ካዝና ውስጥ ተቆለፈበት። ጸሐፊዋ ደግሞ አራት ዓመት በኮንትራት የሠራች፣ ሁለት ልጆች ለብቻዋ የምታሳድግ፣ በመሥሪያ ቤቱ በኮምፒዩተር ደብዳቤ መጻፍ የምትችል ብቸኛ ሰው ነበረች።

ኮምፒዩተሩን ሊያስተካክል የመጣው ባለሙያ ግራ ገባው።

«ጌታዬ፣ የምትጽፈው እሷ አይደለችም እንዴ?»

«መጻፉን እሷ ትጽፋለች። ፈቃዱ ግን የእኔ ነው።»

«እሺ። ይሄ ‹መጋዘን ሁለት› የሚለው የድሮዎቹ ባለቤቶች አካውንት ነው። የይለፍ ቃል የለውም፣ ሁሉንም ፋይል ይከፍታል፣ ያስጽፋልም። ላጥፋው?»

ኃላፊያችን የርክክብ ሰነዱን አወጡ። «ስክሪን አንድ፣ ኪቦርድ አንድ፣ አካውንት አንድ። ፈርሜ የተረከብኩትን ንብረት ልታጎድልብኝ ነው? እጅህን ሰብስብ!»

ለንብረት እንዲህ የሚሳሳ አለቃ ዛሬ በመብራት ተፈልጎም አይገኝም።

ሥራ ደግሞ ኮሚቴ አይጠብቅም። ጸሐፊዋ በራሷ ስም መጻፍ ብትከለከል በመጋዘን ሁለት ስም ትጽፍ ጀመር። ጎን ለጎን ስለምንቀመጥ በየቀኑ አያታለሁ፤ ምሳዋን እንኳ ኪቦርዱ አጠገብ ነበር የምትበላው። ዘጠኝ ወር እንዲህ ሄደ።

ከዚያ አንድ ቋሚ የሥራ መደብ ተፈቀደ። የእሷ ውል የሚያልቀው በዚያው ሳምንት ነበር፤ መደቡን ካላገኘች ቤቷ መቀመጧ ነው። ኃላፊያችን አድልዎ እንዳይኖር ኮምፒዩተሩ ራሱ ይመስክር አሉ። ኮሚቴው በተሰበሰበበት ባለሙያው ተጠርቶ ማን ስንት ደብዳቤ እንደጻፈ ዝርዝሩን አትሞ አመጣ። ኃላፊያችን መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። እሳቸው ዜሮ፤ «አመራር በደብዳቤ አይለካም» ብለው አለፉት። ጸሐፊዋ ዜሮ። መጋዘን ሁለት፣ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት።

ባለሙያው መጋዘን ሁለት ሰው አለመሆኑን ሊያስረዳ ሲጀምር «አንተ የውጭ ሰው ነህ፤ በውስጥ ጉዳይ አትግባ» ተባለ።

«ዘጠኝ ወር ሙሉ አንዲት ደብዳቤ ያቅትሽ?» አሏት ኃላፊያችን።

«እኔ እኮ ነኝ መጋዘን ሁለት!»

«በሌላ ሠራተኛ ስም ስትጠቀሚ ነበር? ይሄማ ከስንፍናም የባሰ ነው። እሱን እኔ በፊርማዬ ነው የተረከብኩት!»

ወደ እኔ ዞረች። «ጋሼ፣ እባክህ ንገራቸው። አንተ አላየኸኝም?»

በእርግጥ አይቻታለሁ። ነገር ግን የተፈቀደልኝ ማየት ብቻ ነበር፤ መናገር በውሳኔው ውስጥ አልተካተተም። ዝም አይነቅዝም ብዬ ዓይኔን ቃለ ጉባኤው ላይ ተከልኩ። አፈርኩ። ማፈሬን ግን አልመዘገብኩትም።

ቋሚው መደብ በሙሉ ድምፅ ለመጋዘን ሁለት ጸደቀ፤ ከወጡት እጆች አንዱ የእኔ ነበር። እሷ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ስትወጣ ለልጆቿ ምን እንደምትነግራቸው የጠየቃት የለም። የቅጥሩን ደብዳቤ የሚጽፍ ስላልነበረ እኔው በእስክሪብቶ ጻፍኩትና ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጠፍኩት፦ «ትጉሁ ባልደረባችን መጋዘን ሁለት፣ ካሉበት መጥተው በሦስት ቀን ውስጥ በሥራ ገበታዎ ላይ እንዲገኙ በአክብሮት እንጠይቃለን።»

ይኸው አንድ ወር አለፈ። ደብዳቤው ተቆልሎ ጠረጴዛው አይታይም፣ ባለጉዳዩም ደጅ ይጠናል። ኃላፊያችን ግን ቅር አላላቸውም። ትናንት በስብሰባ ላይ ስሙ ሲነሳ ፈገግ አሉና «ጨዋ ሠራተኛ ማለት እሱ ነው» አሉ። «ቋሚ አድርጉኝ ብሎ እንኳ አንድ ቀን አልለመነም።»