ክቡር ደራሲያችን አንዲት ዘዴ ቀረቻቸው

ሁለተኛ ሥራ የያዘ ሰው ሁለተኛውን ሥራ ብቻውን ሠርቶ አያውቅም። ጎረቤቱን ይቀጥራል። ደሞዝ አይከፍል፣ ፈቃድ አይሰጥ፣ ታምሜአለሁ ብትሉት እንኳ አይምራችሁ። እናንተ ሕንፃ ላይም አንድ አይጠፋም፤ ቀን ቢሮ ውሎ ከቢሮ መልስ ኮምፒዩተሩን ከፍቶ ለማያውቃቸው ሰዎች በኢንተርኔት ጽሑፍ የሚጽፍ። እኛ ጋ የለም ካላችሁ ምናልባት ራሳችሁ ናችሁ።

የእኛው ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ ይኖራሉ። ቀን ቀን መዝገብ ቤት ናቸው፤ ፋይል ያወጣሉ፣ ፋይል ያስገባሉ። ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ግን ክቡር ደራሲያችን ናቸው። ማዕረጉን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። በዕድሜ ልጄ ሊሆኑ ይችላሉ፤ አንቱ የምላቸው አክብሬ ሳይሆን ነገር ፍለጋ ነው።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የማተሚያ ቤት አራሚ ነኝ። ዕድሜ ልኬን የሰው ስሕተት ስለቅም ኖሬ፣ ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ደግሞ ብቻዬን ነኝና ሰው በሬን ሲያንኳኳ ፊቴ ቶሎ አይፈታም። አንዳንዴም ማነው ብዬ ጠይቄ፣ ስሙን ሰምቼ፣ የለሁም እላለሁ።

የደራሲያችን ሥራ እንዲህ ነው። ባሕር ማዶ ያለ ደንበኛ ጽሑፍ ያዛል፤ ርዕሱ ሁልጊዜ ቁጥር አለበት። የቤት ውስጥ አበባ እንዳይደርቅ የሚያደርጉ ሰባት ዘዴዎች። ጫማ እንዳይሸት የሚያደርጉ አሥር ዘዴዎች። ሌላው ጸሐፊ ከዚህም ከዚያም ለቃቅሞ ይልካል አሉ፤ የእኛው ግን ሞተው ነው። “ያላየሁትን አልጽፍም” ይላሉ። መዝገብ ቤት ያስለመዳቸው ይመስለኛል፤ እያንዳንዷ ዘዴ በሰው ላይ ተሞክራ፣ ሠራች ወይም አልሠራች ተብላ ደብተራቸው ላይ መስፈር አለባት።

ታዲያ ምን ይሆናል መሰላችሁ፣ ዘዴዋ ሁልጊዜ አንድ ትጎድላለች። ሰባት ከታዘዘ ስድስት፣ አሥር ከታዘዘ ዘጠኝ። ያን ጊዜ ደብተሩን በብብታቸው ሸጉጠው ደረጃውን ይወርዳሉ። በሬ ሦስት ጊዜ ቋ ቋ ቋ ይላል። ስከፍት አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ “ጋሼ፣ አንድ ቀረችኝ።”

ነጭ ሸሚዜን የበላችው እንዲህ ያለች አንዲት ናት። ትዕዛዙ ከነጭ ልብስ ላይ የእስክሪብቶ ቀለም ማስለቀቂያ ስምንት ዘዴዎች የሚል ነበር። ኪሴ ላይ ቀለም የፈሰሰበት ሸሚዝ እንዳለኝ ከየት እንደሰሙ እንጃ፣ መጥተው ወሰዱት። ወተት ውስጥ አሳደሩት። በማግስቱ ሲመልሱልኝ ኪስ ላይ የነበረው ቀለም ደረቱን በሙሉ ይዞታል፣ ሽታው ደግሞ ለብቻው ነው። “ስምንተኛዋ አልሠራችም ጋሼ” ብለው ከደብተራቸው ላይ ሰረዟት። ይቅርታ አሥር ጊዜ ጠየቁ። ሰባቱን ብቻ ላኩ፤ ደንበኛውም ስምንት ነበር ያዘዝኩት ብሎ ለሥራቸው ከሚሰጠው የውጤት ኮከብ ቀነሰባቸው። ለሸሚዜ ያልተቆረቆርኩትን ያህል ለእሳቸው ኮከብ ተቆረቆርኩ፤ አንዲት ዘዴ ከአየር ላይ ፈጥሮ መጨመር አቅቷቸው ነው? ብዬ እስከ ምሳ ሰዓት ተበሳጨሁ።

ከታች ካለው ፎቅ ያለችው የሕፃኑ እናትም ድርሻዋን አግኝታለች። የሚያለቅስ ሕፃን የማስተኛ አሥረኛ ዘዴ ጠፍታባቸው ሬዲዮ ይዘው ወረዱ። ጣቢያ በሌለበት መስመር ላይ አድርገው ሽሽሽ የሚለውን ድምፅ ለቀቁት። ዘዴዋ ሠራች። ሕፃኑ በሁለት ደቂቃ ተኛ። እናቱም ስንት ቀን እንቅልፍ ያላየች ናትና ወንበሯ ላይ ተኛች። ክቡር ደራሲያችንም ደብተራቸውን ደረታቸው ላይ እንደያዙ ተኙ። ምድጃ ላይ የተጣደው ድስት ብቻ ነበር ንቁ። ጭሱ እኔ ቤት ደርሶ በሩን ስደበድብ ከሦስቱ መጀመሪያ የነቃው ሕፃኑ ነው።

ባለታክሲው ጎረቤታችን እስከ ዛሬ የሚያወራው ደግሞ ስለ ሽንኩርቱ ነው። የመኪና ውስጥ ሽታ ማጥፊያ ተብሎ ለሁለት የተሰነጠቀ ሽንኩርት ወንበር ሥር አስቀመጡለት። የመጀመሪያዋ ተሳፋሪ እያለቀሰች ወረደች። ባለታክሲው ሐዘን ላይ ያለች መስሎት እግዜር ያጽናሽ ብሏታል። ሁለተኛውም ገና እንደገባ ማልቀስ ጀመረ።

አንድ ነገር ግን ሳልደብቅ ልናገር። ሰውዬው ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ሥራ ፈትተው አይደለም። የመዝገብ ቤት ደሞዝ የት እንደሚደርስ የታወቀ ነው። ባለቤታቸው ነርስነት ትማራለች፤ ለመጨረስ የቀራት ስድስት ወር ነው፣ የትምህርቷ ክፍያ የሚወጣውም ከእነዚህ ዘዴዎች ነው። ሚስት ስትመረቅ እንቅልፌን እተኛለሁ ይላሉ። የሕፃኑ ቤት የተኙትን አልቆጠሩትም።

ባለፈው ዓመት ደረጃው ላይ ተንሸራትቼ ቁርጭምጭሚቴ ተሰበረ። እስከ ጉልበቴ ጀሶ አስረው አምስት ሳምንት ተኛ አሉኝ። ሦስተኛው ቀን ላይ ይመስለኛል፣ በሬ ቋ ቋ ቋ አለ። እግሩ የተሰበረ ሰው አልጋ ላይ ሳይሰለች የሚቆይባቸው አሥር ዘዴዎች ታዝዘናል ተባልኩ። “ለሥራ ነው ጋሼ” አሉ፣ ደብተሩን ከፍተው።

“የሰው እግር ስብራት ላይ እንጀራ ፍለጋ!” አልኳቸው። ምን ላድርግ ብለው አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ። ለሥራ ከሆነ ምን ይደረጋል ብዬ አስገባኋቸው።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ከች ነው። ካርታ ይዘው መጡ፤ ሲጫወቱ እንደ ልጅ ያጭበረብራሉ፣ አጭበርብረውም ይሸነፋሉ። ጀሶው ውስጥ ሲበላኝ የሚታከክበት የባለቤታቸውን ኪሮሽ አመጡ፤ እሷ ስታውቅ ተማሪዋ ነርስ ሁለታችንንም ቆጣችን። ጋዜጣ ያነቡልኝ ጀመር። አነባበባቸው አያድርስ ነው፤ ቃል ይዘላሉ፣ ቁጥር ያሳስታሉ። እኔም ከትራሴ ቀና ብዬ፣ አንቱታውን ረስቼ፣ መልሰህ አንብብ፣ ምን ነካህ፣ እያልኩ ሳርማቸው ፀሐይ ትገባለች። ሲወጡም ሻይ አፍልተው፣ ውኃ በአጠገቤ አስቀምጠው፣ ደብተሩን ገለጥ አድርገው ይተክዛሉ። ዘጠኝ ደርሰናል ጋሼ፣ አንድ ቀረችኝ፣ ነገ እንፈልጋት ይላሉ። አምስት ሳምንት ሙሉ ያቺ አሥረኛ አልተገኘችም። ጀሶው ሲፈታ፣ ደንበኛው ቸኩሎ ዘጠኙን ወሰደው አሉኝ። የእኔ እግር ሲሆን ጎዶሎ መውጣቱ ቅር አሰኘኝ።

እንግዲህ አንድ እሑድ ጠዋት ዳቦ ልገዛ ስወርድ ደራሲያችንን ደረጃው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። እዚህ ላይ አንቱታው ይቅር፤ በሰውዬው ላይ ለመቀለድ አንጀት አልነበረኝም። ደብተሩን አልያዘም። እጁ ላይ ስልኩ አለ፣ ስልኩ ላይ መልእክት አለ። ብዙ ሥራ የሚሰጠው ደንበኛ ጽሑፎቹን በአንድ መመርመሪያ ፕሮግራም አሳልፎ፣ ይህን የጻፈው ሰው አይደለም፣ ማሽን ነው ብሎታል። በሦስት ቀን ውስጥ ሰው መሆኑን ካላስረዳ አካውንቱ ይዘጋል፤ ከዚህ በፊት የሠራበትም አይከፈልም።

ፎቶዬን ልኬ ነበር አለኝ። ፎቶም በማሽን ይሠራል ብሎ መለሰለት። ሰው መሆኔን በምን ላስረዳ ብሎ ጠየቀኝ። ጽሑፉን አይቼዋለሁ፤ እንግሊዝኛው እንደ መዝገብ ቤት ደብዳቤ ቀጥ ያለ ነው፣ አንድ ስሕተት የለውም። ዕድሜ ልኬን ስሕተት የጠላሁ ሰው የዚያን ቀን አንዲት ስሕተት ተመኘሁለት።

“ለእሷ ምን ብዬ እንደምነግራት ነው የጨነቀኝ” አለ። “ስድስት ወር ነው የቀራት።”

ወሬው ሕንፃውን ለማዳረስ ዳቦ ገዝቼ እስክመለስ አልፈጀበትም። ባለታክሲው ተናደደ፤ “ማሽን ነው? ማሽን ገበያ ወጥቶ ሽንኩርት ይገዛል?” እያለ። የሕፃኑ እናት ያንን ከል የለበሰ ድስቷን ከጓዳ አወጣች፤ ያልጣልኩት ለካ ለዚህ ነው አለች። እስከዚያች ቀን ድረስ ይህን ሰው ስናማ የኖርን ሁላችን፣ ያማንበትን ነገር ሁሉ ለምስክርነት ተሸክመን እኔ ቤት ገባን።

ጸሐፊው እኔ ሆንኩ። እንግሊዝኛዬ የማተሚያ ቤት ነው፣ ለዚህ አይታማም። ተከሳሹ ብዕር እንዳይነካ ከለከልኩ። አንደኛ፣ ሸሚዜ፤ ከነፎቶው። ሁለተኛ፣ ድስቱ። ሦስተኛ፣ ሽንኩርቱና ያለቀሱት ተሳፋሪዎች። አራተኛ፣ አንዲት ዘዴ አልሠራችም ብሎ ሰርዞ ኮከብ የተቀነሰበት መሆኑ። እንዲህ እንዲህ እያልን ዘጠኝ ደረስን። እሱ ጥግ ላይ ተቀምጦ፣ ደንበኛው አሥር ይወዳል አለ ቀስ ብሎ። ሁላችንም ዝርዝሩን እንደገና ቆጠርን።

አንድ ቀረችን።

“ሞኞች!” አልኩ፣ “እግሬስ?” አምስት ሳምንት ሙሉ የተሞከረብኝ እኔ አለሁ። ጽሑፉን አውጣና ርዕሱንና ቀኑን ልጥቀስ አልኩት። ተወው ጋሼ፣ ዘጠኙ ይበቃል አለ። ወትሮ አንቱ የሚለኝ ሰው ተወው ሲለኝ ነገሩ ገረመኝ። ባለቤቱ ግን ኮምፒዩተሩን ይዛ ነበርና እስካሁን የላካቸውን ጽሑፎች ዝርዝር ከፈተችው። በቀን በቀኑ ተሰድሯል። ጀሶ የታሰርኩባቸውን ሳምንታት በጣቴ እየተከተልኩ ወረድኩ። የልብስ ማጠቢያ ማሽን አጠባበቅ አለ። የመጋረጃ አመራረጥ አለ። እግር የሚባል የለም። መነጽሬን ጠርጌ እንደገና ከላይ ጀመርኩ። የለም።

“ያ ጽሑፍ የታል?” አልኩት።

ጉሮሮውን ጠረገ። ባለታክሲውን አየ፣ ድስቱን አየ፣ እኔን ግን አላየኝም።

“ትዕዛዝ አልነበረም ጋሼ። ብቻዎን ነበሩ። ዝም ብዬ ብመጣ ደግሞ አያስገቡኝም።”

እውነቱን ነው፤ አላስገባውም ነበር። ማነው ብዬ፣ ስሙን ሰምቼ፣ የለሁም እል ነበር። አሥረኛዋ ዘዴ ለምን አምስት ሳምንት እንደጠፋች ያን ጊዜ ገባኝ። ያ ሁሉ የጋዜጣ ስሕተትም ገባኝ። መዝገብ ቤት የሚሠራ፣ እንግሊዝኛው እንኳ ነቁጥ የማይወጣለት ሰው ጋዜጣ ማንበብ ሊያቅተው! እኔ ደግሞ ጎበዝ አራሚ ነኝ ብዬ ያንን አላረምኩም። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ድስቱ ነው፣ ጭሱ እስካሁን አልለቀቀውም ብዬ አሳበብኩ።

አሥረኛዋን ማንንም ሳላማክር ጻፍኩ። “እግሬ ተሰብሮ ብቻዬን በተኛሁ ጊዜ ይህ ሰው ማንም ያላዘዘውን ሥራ አምስት ሳምንት ሠርቷል፤ ያልከፈልኩትም የሚከፈል መሆኑን ስላላወቅኩ ነው። ማሽን ካላዘዙት አይሠራም።” ሁላችን ፈረምን። የሕፃኑን እናት ጣት ተከትሎ የሕፃኑ ጣትም ቀለም ነክቶ ወረቀቱ ላይ አረፈ፤ ሳንሰርዝ እንዲሁ ላክነው።

ሁለት ቀን ምንም አልመጣም። ሕንፃው ውስጥ ማንም የማንንም በር አላንኳኳም። በሦስተኛው ቀን የመጣው መልስ ሁለት መስመር ነው። አካውንቱ አይዘጋም፣ ሥራው ይቀጥላል፣ ይቅርታ ይላል። ከሥሩ ደግሞ፣ የሰውዬው እግር ዳነ ወይ? ይላል። ባለቤቱ መልሱን ደረጃው ላይ ቆማ ጮክ ብላ ስታነበው ባለታክሲው የመኪናውን ጥሩምባ ነፋ።

እግሬ ድኗል። ደረጃ ስወጣ ትንሽ ያነክሳል፣ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ቀድሞ ይነግረኛል።

ትናንት በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል በሬ ቋ ቋ ቋ አለ። ክቡር ደራሲያችን ነበሩ፤ አንቱታው ተመልሷል፣ አሁን ግን ነገር ፍለጋ አይደለም። ደብተሩ ብብታቸው ሥር ነው። ከኪሳቸው ጋዜጣ ይታያል።

“ጋሼ፣ አንድ ቀረችኝ” አሉ፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው።

የታዘዘው ምን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። መታዘዙንም አልጠየቅኩም። ይግቡ ብዬ ወንበሩን ሳብኩላቸው።